ሬጉሌተሩ መቼ ያስፈልጋል? በአንድ የ1997 ኤክሊፕስ ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው መኪና እ.ኤ.አ. የ1997 ሞዴል ሚትሱቢሺ ኤክሊፕስ ጂኤስኤክስ ነው። ባለቤቱ እዚህ ቨርጂኒያ የሚኖር ወጣት ሲሆን፣ ወደ ጋራዣችን የመጣ ዕለት በኋላ ወንበር ላይ አንድ ካርቶን አስቀምጦ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ከፋብሪካው ውጭ የተሠራ፣ በቡሎን የሚስተካከል የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያ፣ በጋራዥ ቋንቋ ሬጉሌተር የምንለው ዕቃ አለ። «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ይግጠሙልኝ፤ ቱርቦ ያለው መኪና ሁሉ ያስፈልገዋል ተብዬ ነው የገዛሁት» አለኝ። ለምን እንደገዛው ስጠይቀው፣ ነዳጁን ጠልቆ ሲረግጥ መኪናው በደቂቃ እስከ 5,000 ዙር ድረስ በደንብ እንደሚጎትት፣ ከ5,500 ዙር በላይ ግን ጉልበቱ እንደሚከዳውና ሞተሩ እንደሚያንኳኳ ነገረኝ። ዳሽቦርዱ ላይ ያስገጠመው የአየርና የነዳጅ ምጣኔ መለኪያም በዚያው ሰዓት ከ11.2 ተነስቶ ወደ 12.8 እንደሚወጣ አይቷል። ነዳጅ እያነሰው ነው ማለት ነው። ይህን መረዳቱ ትክክል ነበር፤ የቀረው ነዳጁ የሚያንሰው የት ላይ እንደሆነ ማወቅ ነው።

ስለ መኪናው ጥቂት ልበል። ኤክሊፕስ ስሙን የወረሰው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ተሸንፎ ከማያውቅ የእሽቅድምድም ፈረስ ሲሆን፣ የተገጣጠመው ሚትሱቢሺና ክራይስለር በመጀመሪያ በጋራ ባቋቋሙት፣ በኢሊኖይ ግዛት ኖርማል በምትባል ከተማ በሚገኝ ፋብሪካ ነው። ሞተሩ 4ጂ63 የሚባለው ባለ 4 ሲሊንደርና ባለ 1,997 ሲሲ ሲሆን፣ በእጅ ማርሽ ከፋብሪካ ሲወጣ 210 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ነዳጁን የሚረጨው እያንዳንዱ ኢንጀክተር በደቂቃ 450 ሲሲ ያህል ቤንዚን ያሳልፋል፤ የነዳጁ መሠረታዊ ግፊት ደግሞ 43.5 ፒኤስአይ፣ ማለትም 3 ባር ነው። የእኛ የግፊት መለኪያ፣ ጌጅ የምንለው፣ በፒኤስአይ የተጻፈ ቢሆንም፣ ለአገር ቤት አንባቢ እንዲቀል ከዚህ በኋላ ያሉትን ቁጥሮች በባር አስቀምጫቸዋለሁ፤ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። ባለቤቱ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን የቱርቦውን ግፊት፣ ቡስት የሚባለውን፣ ከፋብሪካው ልክ አሳልፎ ወደ 1.1 ባር አድርሶታል፤ ቱርቦው፣ ፓምፑና ኢንጀክተሮቹ ግን የፋብሪካ ናቸው።

ሬጉሌተሩ ምን ይሠራል

ካርቶኑን ለጊዜው ወደ ጎን እንድናደርገው ያሳመንኩት ይህን በማስረዳት ስለሆነ፣ እዚህም ጥቂት ልቆይበት። በታንኩ ውስጥ ያለው ፓምፕ ሞተሩ ቢያስፈልገውም ባያስፈልገውም ያለማቋረጥ ነዳጅ ወደ ፊት ይገፋል። ነዳጁ ኢንጀክተሮቹ ወደተሰኩበት ቱቦ፣ ሬል ወደሚባለው ይገባና ሞተሩ የሚፈልገውን ያህል ይወስዳል፤ የተረፈው በሬሉ ጫፍ ላይ ባለው ሬጉሌተር በኩል አልፎ በመመለሻው መስመር ወደ ታንክ ይመለሳል። ሬጉሌተሩ ውስጥ አንድ ስስ ሽፋን አለ፤ በአንድ ወገኑ ነዳጁ፣ በሌላው ወገኑ ስፕሪንግ ይገፋዋል። የነዳጁ ግፊት ስፕሪንጉን ሲያሸንፍ በሩ ይከፈትና ትርፉ ይወጣል። ስለዚህ ሬጉሌተር ሥራው ሁሉ የመመለሻውን በር መጥበብና መስፋት ነው። በሩን ጨርሶ ቢዘጋ እንኳን ፓምፑ ከሚያደርሰው በላይ አንዲት ጠብታ ሊጨምር አይችልም።

ቱርቦ ሲመጣ የሚጨመረው ነገር አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ቱቦ፣ ከማኒፎልድ፣ ተነስቶ ወደ ስፕሪንጉ ክፍል የሚሄድ ቀጭን የአየር ቱቦ ነው። የኢንጀክተሩ አፍ የሚከፈተው ማኒፎልድ ውስጥ በመሆኑ፣ የሚረጨውን መጠን የሚወስነው በሬሉ ውስጥ ያለው ግፊት ብቻ ሳይሆን በሬሉና በማኒፎልዱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሬሉ 3 ባር ላይ ተቸንክሮ ቢቀርና ቱርቦው ማኒፎልዱን በ1 ባር ቢሞላው፣ ኢንጀክተሩ የሚገፋው በ2 ባር ልዩነት ብቻ ይሆናል። የሚያልፈው ነዳጅ ደግሞ ከልዩነቱ ዳግም ዘር፣ ማለትም ከስኩዌር ሩቱ ጋር ስለሚሄድ፣ መጠኑ በ18 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ያውም ሞተሩ ነዳጅ በጣም በሚፈልግበት ሰዓት። ይህ እንዳይሆን ቀጭኑ ቱቦ የማኒፎልዱን ግፊት ወደ ስፕሪንጉ ክፍል ያደርስና፣ ቱርቦው 1 ባር በጨመረ ቁጥር የሬሉም ግፊት 1 ባር ይጨምራል። አንድ ለአንድ የሚባለው ይህ ነው። ኤክሊፕሱን ጨምሮ የመመለሻ መስመር ያላቸው የዚያ ዘመን ቱርቦ መኪኖች ይህን አሠራር ከፋብሪካቸው ይዘውት የወጡ ናቸው። የወጣቱ ካርቶንም የያዘው አንድ ለአንድ ሬጉሌተር ነበር፤ መኪናው ላይ ያለው ዕቃ በደህና እየሠራ ከሆነ አዲሱ የሚጨምረው የተለየ ሥራ አልነበረም።

የመጀመሪያው ልኬት

መካኒክ ሬጉሌተር ላይ ከመፍረዱ በፊት ሦስት ንባቦች ያስፈልጉታል፦ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጁ ሳይረገጥ በዝግታ እየሠራ የአየር ቱቦው ተነቅሎ፣ በዚያው ሚኒሞ ቱቦው ተመልሶ ተሰክቶ፣ ሦስተኛው ደግሞ መንገድ ላይ በሙሉ ቡስት። ብዙ ጋራዦች የሚያደርጉት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ በጣም ቀላሉና በጣም ጥቂት የሚናገረውም እሱ ነው።

ከፊልትሮው በኋላ ጌጅ ገጥመን ሞተሩን አስነሳን። ቱቦው ተነቅሎ 3.0 ባር አነበብን፤ ፋብሪካው ያለው ልክ ይኸው ነው። ቱቦውን ስንመልሰው ወደ 2.4 ወረደ። የማኒፎልዱ አየር ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚያንስ የሚለካው የቫኪዩም ጌጅ በዚያው ሰዓት 0.62 ባር ሲያሳይ ስለነበር፣ 3.0 ሲቀነስ 0.62 በትክክል ይህን ይሰጣል። ቱቦውን ነቅለን ስናሸተውም የቤንዚን ሽታ አልነበረውም፤ ስለዚህ ሽፋኑ አልተቀደደም። ሞተሩን አጥፍተን ስንጠብቅም ግፊቱ ወዲያው አልወደቀም።

በዚህ ሞዴል ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። ከማኒፎልድ ወደ ሬጉሌተሩ በሚሄደው የአየር ቱቦ መንገድ ላይ ሚትሱቢሺ አንዲት በኤሌክትሪክ የምትሠራ ቫልቭ አስቀምጧል። ሞተሩ በጣም ሞቆ ጠፍቶ እንደገና ሲነሳ፣ ነዳጁ በሬሉ ውስጥ እንዳይተን ቫልቯ ቫኪዩሙን ለአጭር ጊዜ ትቆርጥና ግፊቱ ከፍ እንዲል ታደርጋለች። ይህች ቫልቭ ከተበላሸች ወይም ቱቦዎቿ ተሰነጣጥቀው አየር ካፈሰሱ፣ ቡስቱ ወደ ሬጉሌተሩ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ደኅናው ሬጉሌተርም የተበላሸ ይመስላል። ስለዚህ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ፈተሽናቸው፤ አንደኛው ጫፉ ደርቆ ስለነበር ቆርጠን መልሰን ሰካነው፤ ልኬቱ ግን አልተለወጠም።

ሦስተኛው ንባብ መንገድ የሚጠይቅ ነው። የጌጁን ረጅም ቱቦ በኮፈኑ ጠርዝ አውጥተን ጌጁን ከፊት መስታወቱ ውጭ በፕላስተር አሰርነው። ሁልጊዜ ከውጭ፤ ቤንዚን ያለበት ጌጅ ወደ ጋቢና ውስጥ አይገባም፣ ይህ በእኛ ጋራዥ ድርድር የለውም። ረዳቴ እየነዳ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አነበብኩ። በ0.5 ባር ቡስት ግፊቱ 3.5 ነበር። በ0.8 ላይ 3.75 ሆነ፤ ጥቂት ጎድሏል። ቡስቱ 1.1 ሲሞላና ሞተሩ 4,000 ዙር ላይ ሳለ 4.0 አየሁ፤ መሆን የነበረበት 4.1 ነው። ከዚያ ወዲያ ቡስቱ እንዳለ ሆኖ ዙሩ ሲጨምር ግፊቱ መውረድ ጀመረ፤ በ5,500 ላይ 3.6፣ በ6,500 ላይ 3.4። እግሩን አንስቶ ወደ ጋራዥ ተመለስን፤ በዚያ ሁኔታ ሁለተኛ መሮጥ ፒስተን መብላት ነው።

ይህን ንባብ ማንበብ የቻለ ሰው ምርመራውን ጨርሷል ማለት ይቻላል። ሬጉሌተር በሽተኛ ሲሆን የሚያሳየው ጠባይ ከዚህ የተለየ ነው፦ ወይ ከመጀመሪያው ከቡስቱ ጋር አይወጣም፣ ወይም በሚኒሞም በመንገድም እኩል ዝቅ ብሎ ይገኛል። እዚህ ግን ግፊቱ ቡስቱን እየተከተለ ወጥቶ፣ የነዳጅ ፍላጎቱ ሲበዛ ከላይ ወደ ታች ተንሸራተተ። በሩ ተዘግቶ ሳለ ግፊት የሚወድቀው የሚመጣው ነዳጅ ስላነሰ ብቻ ነው። ሒሳቡም ከባለቤቱ ጌጅ ጋር ይገጥማል፤ በ6,500 ዙር የነበረው ልዩነት 3.4 ሲቀነስ 1.1፣ ማለትም 2.3 ባር ነው። የ2.3 ለ3 ዳግም ዘር 0.876 ስለሆነ ነዳጁ በ12 በመቶ ገደማ ጎድሏል። 11.2 የነበረው የአየርና የነዳጅ ምጣኔ ለ0.876 ሲካፈል 12.8 ይሆናል። ወጣቱ ዳሽቦርዱ ላይ ያየው ቁጥር ይኸው ነው። ወረቀት ላይ ጽፌ ሳሳየው ለመጀመሪያ ጊዜ ካርቶኑን ረሳው።

ነዳጁ የት ቀረ

ወደ ኋላ ሄደን በፓምፑ ሶኬት ላይ ያለውን ቮልቴጅ ለካን። ባትሪው ላይ 13.9 ቮልት ሲኖር ፓምፑ ዘንድ የሚደርሰው 10.8 ብቻ ነበር። የዚያን ያህል ዕድሜ ያለው ቀጭን ሽቦና የዛገ መገጣጠሚያ ሦስት ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይበላል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ደግሞ ቮልቴጁ ሲወርድ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ የሚገፋው ግፊት ሲጨምር የሚያደርሰው መጠንም እንዲሁ ይቀንሳል። ቱርቦ በሙሉ ቡስት ላይ ሁለቱን በአንድ ላይ ያመጣበታል። ፊልትሮውን ፈተን በአፋችን ብንነፋው አየር በጭንቅ ያሳልፋል፤ መቼ እንደተቀየረ ባለቤቱም አያውቅም።

የሚያስፈልገውን ነዳጅ ማስላት ከባድ አይደለም። አራቱም ኢንጀክተሮች ምንም ሳይዘጉ ቢያፈሱ 1,800 ሲሲ በደቂቃ፣ ማለትም በሰዓት 108 ሊትር ነው። ከዚህ በላይ ይህ ሞተር በእነዚህ ኢንጀክተሮች ሊጠጣ አይችልም፤ ስለዚህ ፓምፑ በ4.1 ባር ግፊት ይህን ያህል ካደረሰ ጉዳዩ አለቀ። ከባትሪው ወፍራም ሽቦ በፊውዝና በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ በሚቀሰቀስ ማብሪያ) አድርገን በቀጥታ ወደ ፓምፑ ዘረጋን፤ የድሮውን ሽቦ ሪሌውን ለመቀስቀስ ብቻ ተውነው። ፊልትሮውንም ቀየርን። ፓምፑ ዘንድ 13.4 ቮልት ደረሰ፤ በመንገድ ላይም በ6,500 ዙር 3.9 ባር አነበብን። ከ3.4 ወደ 3.9 የወጣው በሽቦና በፊልትሮ ብቻ ነው። የቀረችው 0.2 ባር የፓምፑ የእርጅና ዕዳ ነበረች።

እስከዚህ ድረስ ለጥያቄው የነበረኝ መልስ ግልጽ ነበር፤ ይህ መኪና ሌላ ሬጉሌተር አያስፈልገውም። ካርቶኑን በመጀመሪያው ቀን ገጥመነው ቢሆን ኖሮ በሚኒሞ 3.0፣ በ6,500 ዙር 3.4 እናነብ ነበር፤ ሞተሩም እያንኳኳ ይቀጥል ነበር። ከዚያ የባሰው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ነው፤ ሰው ነዳጅ ሲያንሰው የሚስተካከለውን ቡሎን አጥብቆ መሠረታዊውን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ የደከመው ፓምፕ የበለጠ ግፊት ሲጠየቅ የበለጠ ያንሳል። ስለዚህ በሚኒሞ ጌጁ የሚያምር ቁጥር ያሳያል፣ ከላይ ግን ጉድለቱ ሳይቀየር ይቀራል።

መልሱ የተገለበጠበት ክፍል

ፓምፑን መቀየር ነበረብን። የፋብሪካው ዓይነት አዲስ ፓምፕ በቂ መሆኑን ነግሬው ነበር፤ እሱ ግን ወደፊት ትልቅ ቱርቦ የመግጠም ሐሳብ ስላለውና ዋጋውም ስለቀነሰለት በሰዓት 255 ሊትር የሚባለውን ፓምፕ መረጠ። ገንዘቡ የእሱ ነው፤ እኔም ትልቁ ፓምፕ የራሱን ጣጣ ሊያመጣ እንደሚችል አስጠንቅቄ ገጠምኩለት።

ጣጣው ለመምጣት አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ሞተሩን አስነስተን ቱቦውን ስንነቅል 3.0 ባር መሆን የነበረበት ጌጅ 3.7 ላይ ቆመ። ቱቦውን ስንሰካው መውረድ የነበረበት ወደ 2.4 ሲሆን የወረደው ወደ 3.5 ብቻ ነው። ሬጉሌተሩ ከአሁን በኋላ ምንም እየተቆጣጠረ አልነበረም። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ሞተር በሚኒሞ ላይ በሰዓት ከአንድና ከሁለት ሊትር የማይበልጥ ቤንዚን ነው የሚጠቀመው። ፓምፑ የሚያመጣው የቀረው ከሁለት መቶ ሊትር በላይ ነዳጅ ሁሉ በሬጉሌተሩ ጠባብ በር በኩል መመለስ አለበት። የፋብሪካው በር የተሠራው ለትንሹ ፓምፕ ነው። ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም ያን ሁሉ ነዳጅ ያለ ጭንቅንቅ ማሳለፍ ስላልቻለ፣ ግፊቱን የሚወስነው ስፕሪንጉ መሆኑ ቀርቶ የቀዳዳው ጥበት ሆነ። ክረምት ላይ የመንገድ ዳር ቦይ ጎርፉን መቀበል አቅቶት አስፋልቱ ላይ ሲፈስ ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥበቱ ሬጉሌተሩ ላይ ነው ወይስ ወደ ታንክ በሚመለሰው ቱቦ ላይ የሚለው ነው። ይህ ሳይለይ አዲስ ሬጉሌተር መግጠም የገንዘብ ብክነት ሊሆን ይችላል፤ መመለሻው ከጠበበ የትኛውም ሬጉሌተር አያድነውም። ከሬጉሌተሩ በኋላ ያለውን ጎማ ቱቦ ነቅለን በደጅ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችን አስቀምጠን፣ ወደ ብረት የነዳጅ ዕቃ እንዲፈስ አደረግንና ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ሞተሩን አስነሳን። ግፊቱ ከ3.7 ወደ 3.5 ወረደ። ስለዚህ የመመለሻው መስመር ድርሻ 0.2 ባር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የቀረው የሬጉሌተሩ በር ነው።

የሚገርመው በሙሉ ቡስት የነበረው ንባብ ነው። በ6,500 ዙር ግፊቱ ልክ 4.1 ባር፣ ምጣኔውም 11.2 ሆነ። ሞተሩ ብዙ ነዳጅ ሲወስድ የሚመለሰው ስለሚያንስ፣ ፓምፑም የሚሠራበት ግፊት ከፍ ሲል ፍሰቱ ስለሚቀንስ፣ ሬጉሌተሩ እዚያ ላይ ሥልጣኑን መልሶ አገኘ። ባለቤቱ ይህን ባየ ጊዜ «ታዲያ ምን ይጎዳል?» አለኝ። ጉዳቱ የሚታየው በዕለት ተዕለት መንገድ ላይ ነው። በሚኒሞ 3.5 ባር ሬሉ ላይ፣ 0.62 ባር ቫኪዩም ማኒፎልዱ ላይ ሲደመር ልዩነቱ 4.12 ይሆናል፤ መሆን ከነበረበት 3.0 ጋር ሲነጻጸር ኢንጀክተሮቹ 17 በመቶ አብዝተው ይረጫሉ ማለት ነው። ኮምፒውተሩን ስናነብ ነዳጁን በመቶኛ የሚጨምርበትና የሚቀንስበት የረጅም ጊዜ ማስተካከያው ከዜሮ በታች 13፣ የአጭሩ ከዜሮ በታች 4 ነበር፤ ሁለቱ ሲደመሩ ከዜሮ በታች 17 ናቸው። ኮምፒውተሩ ነዳጁን እየቆረጠ ከችግሩ ጋር ለመኖር እየታገለ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ የነዳጅ መብዛትን የሚናገረው ፒ0172 ኮድ ከነቢጫ መብራቱ መጣ፤ ማርሚታው ቤንዚን ይሸታል፣ ካንዴላዎቹም ጥላሸት ጀምረዋል። በዚህ ዓይነት ጥቂት ወራት ቢሄድ የጭስ ማጣሪያው፣ ካታሊስቱ፣ ይቃጠል ነበር፤ ከሲሊንደር ግድግዳ ላይ ዘይቱን እያጠበ ወደ ዘይት ቋት የሚወርደው ቤንዚንም ሌላ መዘዝ ነው።

በዚህ ጊዜ መንገዱ አራት ነበር። የመጀመሪያው የፋብሪካውን ሬጉሌተር በር በመሰርሰሪያ ማስፋት ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ ሲያደርጉት ያየሁ ቢሆንም፣ ከተበሳ በኋላ በሩ መዝጋቱን ማን ያረጋግጣል? ሁለተኛው ትልቁን ፓምፕ አውጥቶ መካከለኛ ፓምፕ መግጠም ነው፤ እኔ ብሆን ይህን እመርጥ ነበር። ሦስተኛው ፓምፑ በዝቅተኛ ጭነት በዝግታ እንዲሠራ ቮልቴጁን መቀነስ ነው፤ ቶዮታ በ1990ዎቹ ሱፕራው ላይ ፓምፑን በተለየ የመቆጣጠሪያ ሳጥን እንዲሁ ያደርግ ስለነበር ሐሳቡ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን እኛ ዘንድ አዲስ ሽቦ ዘርግተን ስናበቃ የሚመጣው ሌላ ውስብስብ ነገር ነው። አራተኛው በሩ የሰፋ ሬጉሌተር መግጠም ነው። ካርቶኑ ደግሞ አሁንም የኋላ ወንበር ላይ አለ።

ገጠምነው። ነገር ግን ከመግጠማችን በፊት ዕቃው እውነተኛ መሆኑን አየን፤ በዚህ ገበያ የተጭበረበረ ሬጉሌተር ብዙ ነው፣ ሽፋኑ ቤንዚን የማይችል ጎማ ሆኖ በወራት ውስጥ የሚቀደድና ነዳጁን በአየር ቱቦው በኩል ወደ ማኒፎልድ የሚልክ አለ። ከሬሉ ጋር የሚያያይዘውን ማገናኛ በአዲስ ኦሪንግ አሰርን፤ ለነዳጅ ግፊት የተሠራ ቱቦ እንጂ ተራ የራዲያተር ጎማ አልተጠቀምንም። የአየር ቱቦውን ከማኒፎልዱ በቀጥታ፣ ከቡስት ጌጁም ሆነ ከሌላ ዕቃ ጋር ሳይጋራ ወሰድነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ቱቦው ተነቅሎ ጫፉ ተደፍኖ፣ ጌጁ 3.0 እስኪያነብ ቡሎኑን አዞርንና ዳዶውን አሰርን። ቱቦው ሲሰካ 2.4 ሆነ። በመንገድ ላይ 1.1 ባር ቡስት ከ3,500 ዙር እስከ 6,800 ድረስ 4.1 ላይ ቆሞ ቆየ። ከሳምንት መንዳት በኋላ የረጅም ጊዜ ማስተካከያው ከዜሮ በታች 2 ላይ ነበር፤ ኮዱም አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ

ቡሎን የሚዞር ዕቃ እጅ ላይ ሲኖር ማዞር የሚፈልግ አይጠፋም። ወጣቱ ግፊቱን ወደ 3.5 ብንወስደው ጉልበት ይጨምር እንደሆነ ጠየቀኝ። የ3.5 ለ3 ዳግም ዘር 1.08 ነው፤ 8 በመቶ ነዳጅ ይጨመራል። መኪናው ግን አሁን ነዳጅ አላነሰውም። በሚኒሞና በመደበኛ መንገድ ኮምፒውተሩ የተጨመረውን መልሶ ይቆርጠዋል፤ በሙሉ ቡስት ደግሞ ድብልቁ ወደ 10.4 ወርዶ ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ትልቅ ቱርቦ በሚገጥምበት ጊዜ የሚያስፈልገው ትልልቅ ኢንጀክተርና ኮምፒውተሩን እንደገና ማስተካከል ነው። እምቢ አልኩት፤ ቅርም አላለው።

ግፊትን እንደ ነዳጅ መጨመሪያ የመጠቀም ሐሳብ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ኮምፒውተርን ማስተካከል ውድና አስቸጋሪ በነበረበት ዘመን፣ ያለ ቱርቦ በተሠሩ መኪኖች ላይ፣ ለምሳሌ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባለ 1.6 ሊትር የማዝዳ ሚያታ ላይ ቱርቦ የሚገጥሙ ሰዎች ከአንድ ለአንድ የሚበልጥ ሬጉሌተር ይጠቀሙ ነበር። ኮምፒውተሩ ስለ ቱርቦው ምንም ስለማያውቅ፣ ኢንጀክተሩ በተከፈተበት በዚያው ጊዜ የበለጠ ነዳጅ እንዲያልፍ ግፊቱ በብዙ እጥፍ እንዲወጣ ይደረጋል። 12 ለ1 በሚባለው ዓይነት 0.4 ባር ቡስት ብቻ ግፊቱን በ4.8 ባር ያንረዋል፤ ከመሠረታዊው 3 ባር ጋር 7.8 ባር ይሆናል፤ በዚህ ግፊት ተራ ፓምፕ ሊያደርሰው የሚችለው ነዳጅ እጅግ ጥቂት ነው። ያ ዘዴ በዘመኑ ለችግር መፍትሔ ነበር። ከፋብሪካ ቱርቦ ይዞ በወጣ መኪና ላይ ግን ቦታ የለውም።

ይህን ጉዳይ አዲስ አበባ ላለ አንድ የሙያ ባልደረባዬ በስልክ ሳወጋው ያነሳው ነገር ሊጻፍ የሚገባው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 0.77 ባር አካባቢ ነው፤ እዚህ እኛ ዘንድ ግን 1.01 ነው። ሞተሩ በሚኒሞ የሚፈልገው የማኒፎልድ አየር ያው 0.39 ባር ያህል በመሆኑ፣ የቫኪዩም ጌጁ እዚያ 0.62 ሳይሆን 0.38 ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ቱቦው ተሰክቶ የሚነበበው የነዳጅ ግፊት 2.4 ሳይሆን 2.6 ይሆናል። የባሕር ዳርቻ አገር መጽሐፍ የያዘ መካኒክ ይህን ሲያይ ሬጉሌተሩን ሊያስጥል ይችላል፤ ሬጉሌተሩ ግን ምንም አልሆነም። ቱቦው ተነቅሎ የሚነበበው 3.0 ባርና በ1.1 ባር ቡስት የሚነበበው 4.1 ባር ከከፍታው ጋር አይለወጡም፤ ጌጁም ሬጉሌተሩም የሚለኩት ከዚያው ከአካባቢው አየር ተነስተው ስለሆነ።

ባልደረባዬ አሁን በእጁ የሚመጡት ትናንሽ ባለ ቱርቦ ቤንዚን መኪኖች ብዙዎቹ ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጩ መሆናቸውንም ነገረኝ። በእነዚያ ላይ ታንኩ ውስጥ ያለው ፓምፕ የሚመግበው በሞተሩ የሚዞር ሌላ ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ነው፤ ሬሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከመቶ ባር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ የሚቆጣጠረውም ኮምፒውተሩ በሴንሰርና በቫልቭ ነው። በቡሎን የሚዞር ሬጉሌተር እዚያ የሚሰካበት ቦታ እንኳን የለውም፤ ነዳጅ ካነሰ ኮምፒውተሩ የጠየቀው ግፊትና ሴንሰሩ ያነበበው ግፊት በመመርመሪያ ማሽን ጎን ለጎን ይታያሉ።

ወጣቱ መኪናውን ሲወስድ የፋብሪካውን ሬጉሌተር በባዶው ካርቶን ውስጥ አድርጌ ሰጠሁት፤ ፓምፑን አንድ ቀን ወደ ፋብሪካው ዓይነት ቢመልስ ይፈልገዋል። ጌጁን ግን ሬሉ ላይ እንዲተውለት ለመነኝ፤ ኮፈኑን በከፈተ ቁጥር ማየት ይፈልጋል። ትንሽ ቋሚ ጌጅ ገጠምኩለት። ዘይት ለመቀየር በተመለሰ ጊዜ ኮፈኑን ከፍቼ አየሁት፤ 2.4 ላይ ነበር።